ሳጥን ከማን ይጠብቃል? የጎንደር ሳጥኖች ከነክዳናቸው

ሳጥን ሊገዛ ወይም ሊያሠራ ቅዳሜ ገበያ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ ዋጋ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ቀለሙን ያያል፤ ክዳኑን አንዴ ከፍቶ ይዘጋና ወይ ይስማማል ወይ ይሄዳል። ማንም የማይጠይቀው ዋናው ጥያቄ፣ ይህ ሳጥን ዕቃዬን ከማን ይጠብቅልኛል የሚለው ነው። በጎንደር ቤት ውስጥ ዕቃ የሚያጠፉት የታወቁ ናቸው፤ የክረምት እርጥበት፣ ምስጥ፣ ብል፣ አይጥ፣ ከዚያም የሰው እጅ። አምስቱንም የሚያቆም ሳጥን አልተሠራም። የቆርቆሮ ሳጥን አይጥንና ምስጥን ድል ይነሳል፣ እርጥበትን ግን እቤቱ ጠርቶ ያስገባል። የጥድ ሳጥን ብልን ያርቃል፣ ሌባን ግን አያስቸግርም። ሙዳይ ለጌጥ ምቹ ነው፣ አይጥ ካገኘው አንድ ሌሊት አይበቃውም። የሻገተ ቀሚስና የተበላ መጽሐፍ የሚበዛው ሳጥን ጠፍቶ ሳይሆን ለአንዱ ጠላት የተሠራው ለሌላው ስለሚውል ነው።

ስለ አየሩ ትንሽ መባል አለበት፤ ሳጥንን የሚፈርድበት እሱ ነውና። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ትገኛለች። ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ ውሃ ያዘለ ነው፤ ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ ቀኑ ደረቅ፣ ፀሐዩም ብርቱ ይሆናል። እንጨት በእርጥበት ይሰፋል፣ በድርቀት ይጠባል፤ የሚሰፋውና የሚጠበው ግን በርዝመቱ አይደለም፣ በወርዱ ነው። 40 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጣውላ በክረምትና በበጋ መካከል ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ቢለዋወጥ አያስገርምም። ለዚህ ነው በግንቦት ተሠርቶ ልክክ ብሎ የሚዘጋ ሳጥን ሐምሌ ላይ አልከፈት የሚለው። በነሐሴ የተሠራው ደግሞ የካቲት ላይ ክዳኑ መሃል ለመሃል ይተረተራል። ሁለቱም ጊዜ ወቀሳው አናጢው ላይ ይወርዳል፤ አንዳንዴም ይገባዋል።

እንጨቱን እንምረጥ። ከዋንዛ የሚበልጥ የሳጥን እንጨት የለም ብል ብዙ አናጢ የሚከራከረኝ አይመስለኝም። መላጊያ በደንብ ይቀበላል፣ ምስማር ሲገባበት ቶሎ አይሰነጠቅም፣ አንዴ ከደረቀ እምብዛም አይጣመምም። ከበሮ የሚቦረቦረው፣ የብራና መጽሐፍ ገበታ የሚጠረበው ከዋንዛ የሆነው በዚሁ ጠባዩ ነው። የአበሻ ጥድ ዘይትና ሽታ አለው፤ ብል ይሸሸዋል፣ ምስጥም ቶሎ አይደፍረውም። ጉድለቱ ጉጥ የሚበዛበትና የሚሰነጠቅ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ሙሉውን ሳጥን ከጥድ ከመሥራት ይልቅ ወለሉንና የውስጥ መከፋፈያውን ከጥድ፣ የቀረውን ከዋንዛ ማድረግ የብልህ ሥራ ነው። ዝግባ ቀጥ ያለ፣ ለመላጊያ የሚገዛ፣ ለዓይን የሚያምር ነው፤ ምስጥን ግን አይችልም፤ መሬት በሚነካ ቦታ አይግባ። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ አገሩን ሁሉ ሞልቶታል፣ ለማገርና ለአጥር ያገለግላል፣ ሲደርቅ ግን ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ጎኑ ይጠማዘዛል። ለእግር መቆሚያ ይሁን፤ ለክዳን በፍጹም።

ዋንዛ፣ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ በሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ገበያ ላይ የሚገኘው ደህና ዋንዛ አንድም ከገበሬ ማሳ የተቆረጠ ነው፣ አንድም ከፈረሰ ቤት በርና መስኮት የወጣ። ከፈረሰ ቤት የወጣውን የምመርጠው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ መድረቁ ያለቀ፣ መጣመሙንም የጨረሰ እንጨት ነው። ከመጋዝ በፊት ግን እያንዳንዱን ምስማር መንቀልና ተሰብሮ የቀረውን በማግኔት መፈለግ ግድ ነው፤ አንድ የተረሳ ምስማር የመላጊያ ስለት ይበላል።

አዲስ ጣውላ ከሆነ ያለው ጣጣ ማድረቅ ነው። 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ጣውላ አንድ ዓመት ይበቃል የሚለው አሮጌ ልማድ ዛሬም ይሠራል። ጣውላው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በጥላ፣ ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ ይደረደራል፤ በየመካከሉ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው እኩል በትሮች በየ40 እና 50 ሳንቲ ሜትሩ ይገባሉ፤ በትሮቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ካልዋሉ ጣውላው በበትሮቹ መካከል እየጎበጠ ይደርቃል። የጣውላው ሁለት ጫፍ በአሮጌ ቀለም ይቀባል፤ ውሃው በጫፍ በኩል ቶሎ ስለሚወጣ የሚሰነጠቀውም ጫፉ ነው። መድረቁን በዓይን የሚያውቅ አናጢ አለ፤ አስተማማኙ ግን ሚዛን ነው። አንዱን ጣውላ በየሳምንቱ መዝኑት፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል። «ደርቋል፣ ሁለት ወር ፀሐይ ላይ ነበር» የሚል ነጋዴ የሚሸጠው ውጪው የደረቀ፣ ውስጡ ግን ጥሬ የሆነ እንጨት ነው።

የቤት ሳጥን፣ ለልብስም ለሙሽራም የሚሆነው፣ ብዙውን ጊዜ ርዝመቱ አንድ ሜትር፣ ወርዱና ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጣውላው ከ2 ሳንቲ ሜትር ባይሳሳ ይሻላል። ማዕዘኑ ላይ ሁለቱ ጣውላዎች ጥርስ ለጥርስ ተነካክሰው፣ ኮላ ተቀብተው መያያዝ አለባቸው። በምስማር ብቻ የተገጣጠመ ማዕዘን ሳጥኑ በተገፋ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይላወሳል፤ ምስማሩ ቀዳዳውን ያሰፋል፣ ከዚያ በኋላ መዶሻ ቢጨመርበት ለወር ብቻ ነው።

ክዳኑ ላይ እንቆይ፤ ሳጥን የሚሞተው እዚህ ነውና። ሁለት ወይም ሦስት ጣውላ ተጋጥሞ የሚሠራ ክዳን ከሥሩ ሁለት አግዳሚ እንጨት ይፈልጋል፤ ያለ እነሱ ይጣመማል። ስህተቱ የሚፈጠረው አናጢው እነዚህን አግዳሚዎች ኮላ ቀብቶ በምስማር ሲቸነክራቸው ነው። ክዳኑ በወርዱ ሊሰፋና ሊጠብ ይፈልጋል፤ አግዳሚው ደግሞ በርዝመቱ ስለተኛ አይሰፋም፣ አይጠብም። ሁለቱ ሲጎተቱ የሚሸነፈው ክዳኑ ነው፤ ስንጥቁም ሁልጊዜ በበጋ ይመጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በአግዳሚው መሃል አንድ ክብ ቀዳዳ፣ በግራና በቀኝ ደግሞ ወደ ጎን የረዘሙ ቀዳዳዎች ይበሳሉ፤ ብሎኑ 4 ሚሊ ሜትር ከሆነ የጎኖቹ ቀዳዳ ርዝመት 8 ሚሊ ሜትር ይሁን። ብሎኑ ከነጠፍጣፋ ቀለበቱ ይታሰራል፤ ኮላ ግን አይነካውም። ክዳኑ እንግዲህ መሃሉ ላይ ተይዞ በሁለቱም ጎን እንደልቡ ይንቀሳቀሳል። ገበያ ላይ ሳጥን ስትገዙ ክዳኑን ገልብጡና ይህን ፈልጉ። የረዘመ ቀዳዳ ያየ ገዢ ስለ አናጢው ሌላ ምንም መጠየቅ አያስፈልገውም።

አግዳሚው ወደ ውስጥ ሲገባ ከሳጥኑ ግድግዳ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይራቅ፤ ሐምሌ ላይ የሚጣበቀው በዚህ በኩል ነው። ክዳኑም በሦስቱ ጎን አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቢወጣ ጣት ይይዘዋል፣ አቧራም በስንጥቁ አይገባም።

ወለሉን ዛሬ ከችፑድ የሚሠሩት በዝተዋል። ርካሽነቱ እውነት ነው፤ ግን አንድ ክረምት እርጥብ ሊሾ ላይ ያደረ ችፑድ ያብጥና ይፈረፈራል፣ ብሎንም አይዝም። ችፑድ ከሆነ ክፍያውን ቀንሱ ማለት ምክር አይሆንም፤ አትግዙት። ኮምፔንሳቶ ይሻላል፤ የጥድ ጣውላ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። የወለሉ ጣውላ በግድግዳው ሥር በተቦረቦረ መስመር ውስጥ ያለ ኮላ ይገባል፣ በመካከሉም 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተውለታል።

ሳጥን መሬት ላይ አይቀመጥም። ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር እግር ያስፈልገዋል፤ ከግድግዳውም አንድ መዳፍ ይራቅ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አየር ካልዞረ ሥሩ ይሻግታል፤ ምስጥ ደግሞ ብርሃን ስለማይወድ የሚሄደው ከአፈር በሠራው ቱቦ ውስጥ ነው፤ ሳጥኑ ከመሬትና ከግድግዳ ከተላቀቀ ምስጡ ቱቦውን በእግሩ ላይ መሥራት ይኖርበታል፣ ያኔ ይታያል። በየወሩ ጎንበስ ብሎ እግሩን ማየት ነው። እግሮቹን የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ማቆም የድሮ ዘዴ ነው፣ ይሠራልም፤ ጣሳው አቧራ ከሞላ ግን ምስጡ እንደ ድልድይ ይሻገርበታል።

ማጠፊያ ለ80 ሳንቲ ሜትር ሳጥን ሁለት ይበቃል፤ ከዚያ ለረዘመ ሦስት። በምስማር የተመታ ማጠፊያ ዓመት አይቆይም፤ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ምስማሩን ይስበዋል። ክዳኑ ወደ ኋላ ተገልብጦ እንዳይወድቅ ሰንሰለት ወይም የጠፍር ማሰሪያ ይደረግለት፤ ከሚነቀሉት ማጠፊያዎች አብዛኞቹ በአንድ ጊዜ መውደቅ የተነቀሉ ናቸው። ሕፃናት ባሉበት ቤት ደግሞ ሲዘጋ ራሱን የሚቆልፍ መቀርቀሪያ መኖር የለበትም። ልጅ ድብብቆሽ ሲጫወት ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ይህ ቀልድ አይደለም።

ስለ ብረቱ ከተነሣ፣ በቀድሞ ጊዜ ማጠፊያውን፣ መቀርቀሪያውንና ቁልፉን የሚቀጠቅጡት ባለእጆች ነበሩ። በጎንደር ዙሪያ ከነዚህ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ፤ ከከተማው በስተሰሜን ያለችው ወለቃ ዛሬም በሸክላ ሥራ የምትታወቀው ከነሱ በቀረው ስም ነው። አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሄደዋል። ሙሽራዋን የሸኘው ሳጥን፣ የቤቱን ወርቅ የጠበቀው ቁልፍ፣ «ቡዳ» እየተባሉ ማዕድ ከሚከለከሉ ሰዎች እጅ የወጣ ነበር። በሠሩት እየተኩራራን ሠሪዎቹን ማራቃችን ዛሬም በቅጡ ያልተነጋገርንበት ጉዳይ ነው።

ወደ ውስጡ እንግባ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለው እዚህ አገር በትክክል ይሠራል፤ የጥር ልብስ የቀረውን ዓመት የሚያሳልፈው ሳጥን ውስጥ ነው። ጥበብ ያለው ቀሚስ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ ይግባ፤ ላብ የቀረበት ልብስ ቢጫ ይሆናል፣ ብልንም ይጠራል። በፌስታል መጠቅለል ስህተት ነው፤ ፌስታሉ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፣ የወርቅና የብር ቀለም ያለውን ክር ያጠቁረዋል። አሮጌ፣ የታጠበ ነጠላ ከማንኛውም መጠቅለያ ይበልጣል። ጥድ ሳጥን ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ነጩን ልብስ እንዳያቀልም ከሥር ነጠላ ይነጠፍ። ቀሚሱን ባወጡ ቁጥር በሌላ መስመር ማጠፍ ይገባል፤ ዓመት ሙሉ በአንድ መስመር የታጠፈ ጥጥ የሚቀደደው እዚያው ላይ ነው።

ናፍታሊን የሚያደርጉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከታች ይጥሉታል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ስለዚህ ቦታው ከላይ ነው፤ በጨርቅ ተቋጥሮ፣ ልብሱን ሳይነካ። ከሳጥን የወጣ ልብስ አንድ ቀን ነፋስ ሳይመታው ሕፃን አይታቀፍበትም፤ የናፍታሊን ትነት አንዳንድ ጨቅላዎችን በደማቸው በኩል ክፉኛ ይጎዳል። ብል የሱፍ ነገርን አብልጦ ይወዳል፤ በርኖስና ካፖርት ካለ ቅድሚያ ለነሱ ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ ጥቅምት ገባ ሲል፣ ሳጥኑን ባዶ አድርጎ ክዳኑን ከፍቶ ግማሽ ቀን ጥላ ውስጥ ማናፈስ ከናፍታሊኑም በላይ ይጠቅማል።

የቆርቆሮ ሳጥን፣ አዳሪ ተማሪና ወታደር ይዞት የሚዞረው፣ አበባ ተስሎበት ጓጉንቸር የሚንጠለጠልበት፣ ሌላ ዓለም ነው። ላሜራው ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ነው፤ በጣት ስትጫኑት ድምፅ እየሰጠ የሚጎድጎድ ከሆነ ስስ ነው። ደህናው ጠርዙ በሽቦ ላይ ታጥፎ የተጠቀለለ ነው፤ ያልታጠፈ ጠርዝ እጅ ይቆርጣል፣ ሳጥኑም ክብደት ሲያዝል ይጣመማል። ጠላቱ ብርዱ ነው። ሌሊት ላሜራው ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው እርጥብ አየር ግድግዳው ላይ ውሃ ያወጣል፤ ውሃው ወደ ወለሉ ይወርዳል፣ ዝገቱም ከውስጥ ይጀምራል። ባለቤቱ የሚያየው ዘግይቶ፣ ልብሱ ላይ ቡናማ ነጥብ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን የውስጡ ወለል አንቲረስት ይቀባ፣ ከላዩ ካርቶን ይነጠፍ፣ ካርቶኑም በየክረምቱ ይቀየር። ከሥሩ ደግሞ አራት ጡብ። ሰነድ የሚያስቀምጥ ሰው፣ የትምህርት ማስረጃም የቤት ካርታም ይሁን፣ ከቆርቆሮ ይልቅ እንጨት ይምረጥ፤ እንጨት እርጥበትን መጥጦ ቀስ ብሎ ይመልሳል፣ ቆርቆሮ አያውቅበትም።

ከደርግ ዘመን የቀሩ አረንጓዴ የጥይት ሳጥኖችም በየጓዳው አሉ። የሶቪየቶቹ ማዕዘናቸው በደንብ የተነካከሰ፣ መያዣቸው ገመድ ነው፤ በውስጣቸው የታሸገ የቆርቆሮ ዕቃ ነበረ። ለመሣሪያ ማስቀመጫ የሚወዳደራቸው የለም። ለእህል ግን አይሁኑ፤ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል።

ሙዳይን ከሳጥን የሚለየው ማዕዘን አለመኖሩ ብቻ ነው፤ ጥበቃው አንድ ነው። ፈትል፣ ድሪ፣ አልቦ፣ የብር መስቀል የሚቀመጥበት ይህ ስፌት ከመሃል ተጀምሮ እየዞረ ያድጋል፤ የታሰረ ሣር በሌላ ሣር እየተጠቀለለ፣ በወስፌ እየተበሳ ወደ ታችኛው ዙር ይሰፋል። አክርማና ስንደዶ ውሃ ውስጥ ገብተው ካልለሰለሱ ይሰበራሉ፤ ውሃ እያንጠባጠቡ ከተሰፉ ደግሞ ሲደርቁ ይሰልላሉና ስፌቱ ይላላል። ተነክሮ፣ ወጥቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጥቂት የቆየ ሣር ነው ልኩ። ባለሙያ የሆነች ሰፊ ክዳኑን የምትጀምረው አፉ ካለቀ በኋላ ነው፤ በየዙሩ እየደፋች ትለካዋለች። የገበያው ችግር ክዳንና እናቱን ለየብቻ ሰፍቶ በኋላ ማጋጠም ነው። መፈተኛው ይህ ነው፤ ክዳኑን ሩብ ሩብ እያዞሩ መዝጋት። በአራቱም አቅጣጫ እኩል ከተቀመጠ የተለካ ነው፤ በአንዱ ብቻ የሚገጥም ከሆነ በዕድል የገጠመ ነው። የስፌቱን ጥብቅነት ለማወቅ ጥቂት ጤፍ ጨምሮ ማወዛወዝ ይበቃል፤ ጤፍ ካላፈሰሰ ምንም አያፈስም። አለላውን፣ ማለትም ቀለም የተነከረውን ሣር፣ ደግሞ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ነካ አድርጉበት። ቀለም ከለቀቀ ነጭ ነጠላ አጠገብ አይደር። የቆሸሸ ሙዳይ አይታጠብም፤ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል፣ ጥላ ውስጥ ይናፈሳል።

አገልግል ያው ስፌት ነው፣ ቆዳ የለበሰ። ቆዳው እርጥብ ሳለ ተወጥሮ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ራሱ ይጨብጣል። እሳት አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ የደረቀ አገልግል ይሰነጠቃል። ምግብ ያደረበት ደግሞ ይሻግታል፤ ከመንገድ እንደተመለሱ መጥረግና ክፍት አድርጎ ማሳደር ነው። ቆዳው ሲደርቅ በጣት ጫፍ ቅቤ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ከሆነ አይጥ ይጠራል።

የመጽሐፍ ሳጥን ማኅደር ነው። ሊቃውንት በበዙባት፣ 44 ታቦት ባላት በጎንደር ይህን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ማኅደር ከወፍራም ቆዳ በመጽሐፉ ልክ የሚሰፋ፣ ክዳንና ማንገቻ ያለው ቤት ነው፤ መጽሐፉ ከነማኅደሩ ግድግዳ ላይ በተተከለ እንጨት ይሰቀላል። መሰቀሉ ለውበት አይደለም። ከምስጥ፣ ከአይጥና ከመሬት እርጥበት በአንድ ጊዜ ያርቀዋል፤ ቆዳው ደግሞ ብራናውን ስለሚያቅፈው ገጾቹ ክረምት ላይ እንዳይንጨባረሩ ይረዳል። ጠባብ ማኅደር ድጉሱን፣ ማለትም ገበታውን የለበሰውን ባለጌጥ ቆዳ፣ ይፍቃል፤ ሰፊው መጽሐፉን ያንገላታዋል፤ ልኩ አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነው። መጽሐፉን ከማኅደሩ በጀርባው ስቦ ማውጣት ክፉ ልማድ ነው፤ ማኅደሩን አዘንብሎ ወደ መዳፍ ማንሸራተት ይገባል።

ከጎንደር አድባራት ብዙ መጻሕፍት አፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ አስጓዟቸው፤ በ1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ሲሞቱ የእንግሊዝ ጦር የወሰደው ከዚያ ነው። ወደ 350 የሚሆኑት ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ከመቅደላ ከተወሰዱት ታቦታት አንዱ ኤዲንብራ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በቆዳ ሳጥን እንደተቀመጠ ተገኝቶ በ1994 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል። የተገኘው ሳጥን ከከፈተ ሰው ቅንነት እንጂ ከመዝገብ አይደለም።

ሙዳየ ምጽዋት የሚፈራው የሰውን እጅ ብቻ ነው፤ ሥራውም ከዚያ ይነሣል። አፉ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 1 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይበቃዋል፤ የታጠፈ ብር ይግባ፣ ጣት አይግባ። ከአፉ ሥር ወደ ታች ያዘነበለ ላሜራ ካልተበየደ ሙጫ በተቀባ ዘንግ ብር የሚያወጣ ሰው አይጠፋም። ውጭ የሚቆም ከሆነ አፉ ላይ መከለያ ያስፈልገዋል፤ ዝናብ የገባበት ብር ተጣብቆና ሻግቶ ይወጣል። ሁለትና ሦስት ጓጉንቸር ተደርጎበት ቁልፎቹ በተለያዩ ሰዎች እጅ ቢሆኑ ደግሞ ማንም ማንንም አይጠረጥርም።

የሊስትሮ ሳጥን ከወደቀ የዕቃ ማሸጊያ እንጨት ይሠራል፣ ግን በከተማው ካሉ ሳጥኖች ይበልጥ የሚደክመው እሱ ነው። ላዩ ላይ ያለው የጫማ መርገጫ ወደ ፊት ያዘነበለ፣ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ከፍ ካለ ደንበኛው ወደ ኋላ ይንጋደዳል። ብሩሹ በተመላለሰ ቁጥር መርገጫው ወደ ጎን ስለሚገፋ መጀመሪያ የሚላላው እሱ ነው። ከላይ ወደ ታች የተመታ ምስማር አይዘውም፤ ከውስጥ በኩል በሁለት ትናንሽ ጉርድ እንጨቶች ተደግፎ በብሎን ሲታሰር ብቻ ይቆያል። የውሃ ጠርሙሱ ከቀለሙና ከብሩሹ በመከፋፈያ ካልተለየ ብሩሹ ረጥቦ ፀጉሩን ይጥላል።

የፖስታ ሳጥንም አለ፤ ፒያሳ። ቤት ለቤት ፖስታ እምብዛም በማይታደልበት አገር ሳጥን ቁጥር አድራሻ ነው፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ሁሉ የሚገባው ፖ.ሣ.ቁ. 196 ነው። የሬሳ ሳጥን ደግሞ ከጠላት የሚጠብቀው ነገር ስለሌለ ከባሕር ዛፍ ቢሠራም የሚጠይቅ የለም።

አሮጌ ሳጥን የሚሰበስቡ ሰዎች በዝተዋል፤ አስመስሎ የሚሠራውም እንዲሁ። አዲስ ሳጥን በጭስና በቅቤ ይጠቁርና «የአያቶች» ይባላል። ውጩን አትዩ፤ ውስጡንና ሥሩን እዩ። በእጅ መጥረቢያ የተጠረበ ጣውላ ላይ ወርዱ የተለያየ፣ ትንሽ የጎደጎደ ምልክት አለ፤ ክብ መጋዝ ግን ቅስት የሆነ እኩል መስመር ይተዋል። በእጅ የተቀጠቀጠ ምስማር አንገቱ አራት ማዕዘን ነው፣ ራሱም አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። ማጠፊያው አካባቢ እንጨቱ ከሌላው የጠቆረ፣ በብረት ዝገት የተበላ መሆን አለበት፤ ያረጀ እንጨት ላይ ንጹሕ ማጠፊያ ካለ ወይ ተቀይሯል ወይ ተዋሽቷል። ቅቤ የተቀባ ሐሰተኛ ሳጥን ይሸታል፤ እውነተኛው በአብዛኛው የአቧራ ሽታ ብቻ ነው ያለው። ማኅደር፣ የብራና መጽሐፍ ወይም የቤተ ክርስቲያን ዕቃ የሚመስል ነገር ሲቀርብላችሁ ግን አትደራደሩ። በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነው፤ ቱሪስት ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ቦሌ ላይ የሚያዝ ዕቃ ሻጩንም ገዢውንም ያስጠይቃል።

የገዛችሁት አሮጌ ሳጥን እውነተኛ ከሆነ ቫርኒሽ አትቀቡት። በጠጣር ብሩሽ አቧራውን አውጡ፣ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ፣ በጥላ አድርቁ። ነቀዝ ያለበት ከሆነ ከቀዳዳው አዲስ ነጭ ዱቄት ይወርዳል፤ ጠቆር ያለ ወረቀት ከሥሩ ዘርግታችሁ ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ዱቄት ከወረደ ሌላ የእንጨት ዕቃ አጠገብ አታስገቡት። ማጠፊያው ከተነቀለ ደግሞ አዲስ ቀዳዳ ከመብሳት አሮጌውን አስተካክሉ፤ ቀጭን የወይራ ችንካር ጠርባችሁ፣ ኮላ ቀብታችሁ ቀዳዳው ውስጥ በመዶሻ አስገቡት፤ ይደር። በማግስቱ የተረፈውን በመሮ ቁረጡ፣ ከብሎኑ በቀጠነ መብሻ መሃሉን ብሱና የድሮውን ማጠፊያ በድሮው ቦታ እሰሩት።